«30 በመቶ ዝናብ» በነጋዴው መዝገብ ስንት ብር ነው?

ጥቅምት ሲገባ በእህል በረንዳ ከዋጋ ቀጥሎ የሚጠየቀው የሰማዩ ሁኔታ ነው። ጤፉ ገና ከማሳ አልወጣም። የመተማና የሁመራ ሰሊጥ ታጭዶ በነዶ ቆሟል፤ በጅማና በሲዳማም ቡናው መቅላት ጀምሯል። ከሰኔ ጀምሮ ሲለመን የከረመው ዝናብ ከዚህ በኋላ ከመጣ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። ነጭ ሰሊጥ ውሃ ሲነካው መልኩ ይጠቁራል፤ አውድማ ላይ የራሰ ጤፍ ደረጃው ይወርዳል፤ በማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና ይሻግታል። በዚህ ወቅት ዕቃ የያዘው ነጋዴ፣ ለመግዛት ቀብድ የከፈለው ላኪና ሁለቱን ያገናኘው ደላላ የሦስቱም ገንዘብ ሜዳ ላይ ተሰጥቶ ይገኛል።

ይህም ሆኖ አብዛኛው ነጋዴ የአየር ጠባይ ትንበያን የሚሰማው እንደ ዜና ማሳረጊያ ብቻ ነው። ይዘንባል የተባለበት ቀን በፀሐይ ካለፈ «ሜትሮሎጂ ዋሸ» ይባላል፤ ሳይነገር ከዘነበ ደግሞ ስድቡ ይብሳል። ቅሬታው ፈጽሞ መሠረት የለውም ባይባልም፣ ብዙውን ጊዜ የሚመነጨው ትንበያው ያላለውን እንዳለ አድርጎ ከመያዝ ነው። ትንበያ የዕድል ስሌት ነው። የዕድል ስሌት ደግሞ ለነጋዴ እንግዳ ሊሆን አይገባም፤ በዱቤ ሲሸጥ፣ ቀብድ ሲሰጥ፣ ዕቃ ይዞ ዋጋ ሲጠብቅ ዘወትር የሚያደርገው ይህንኑ ነውና።

ቁጥሩ ምን ማለት ነው?

«ነገ በመተማ ከባድ ዝናብ የመዝነቡ ዕድል 30 በመቶ ነው» ሲባል፣ ዝናቡ ከቀኑ 30 በመቶውን ይወስዳል ወይም ከመሬቱ 30 በመቶውን ያረጥባል ማለት አይደለም። ትርጉሙ እንዲህ ነው፤ ይህንኑ የመሰለ ትንበያ የተሰጠባቸው 100 ቀናት ቢሰበሰቡ በ30ዎቹ ከባድ ዝናብ ይጥላል፤ በ70ዎቹ አይጥልም። ስለዚህ 70ው ቀን በፀሐይ ማለፉ የትንበያውን ስሕተት አያሳይም። እንዲያውም ከመቶው ቀን በ60ው ቢዘንብ ወይም መቶውም ደረቅ ሆኖ ቢያልፍ ነው ትንበያው መጥፎ ነበር የሚባለው።

«ከባድ» የሚለው ቃልም መለኪያ አለው። በአገራችን የሜትሮሎጂ መግለጫዎች ከባድ ዝናብ የሚባለው በ24 ሰዓት ውስጥ ከ30 ሚሊ ሜትር በላይ የሚጥለው ነው። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በ1 ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውሃ ነው፤ በመሆኑም ጣሪያው 1,000 ካሬ ሜትር የሆነ መጋዘን በ30 ሚሊ ሜትር ዝናብ 30,000 ሊትር ውሃ ይቀበላል። ዝናቡ ቀኑን ሙሉ እየተንጠባጠበ ከወረደ አሸንዳው ይችለዋል። ነጎድጓድ ያዘለው ዝናብ ግን ይህንኑ መጠን በአንድ ሰዓት ውስጥ ሊያወርደው ይችላል፤ ያን ጊዜ ውሃው ከአሸንዳው ተርፎ በግድግዳው በኩል ወደ ኩንታሉ ይገባል።

አሁን ወደ ብሩ እንምጣ። አንድ የሰሊጥ ነጋዴ ዋጋው 2 ሚሊዮን ብር የሆነ ምርት መተማ ላይ ከጣሪያ ውጭ አከማችቷል እንበል። ምርቱ ከራሰ በደረጃ መውረድና በመበላሸት ከዋጋው 15 በመቶውን፣ ማለትም 300,000 ብር ያጣል። ከዝናብ ለማስጣል ደግሞ ለሸራ፣ ለጫኝና አውራጅ፣ ለአጭር ጊዜ መጋዘን ኪራይ በድምሩ 45,000 ብር ያወጣል። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የተወሰዱ ናቸው፤ እያንዳንዱ ነጋዴ በራሱ ቁጥር ይተካቸው።

ስሌቱ አጭር ነው። የመከላከያው ወጪ ለሚደርሰው ኪሳራ ሲካፈል፣ 45,000 ለ300,000፣ 15 በመቶ ይመጣል። ይህ የነጋዴው መቁረጫ ነው። የዝናቡ ዕድል ከ15 በመቶ በላይ ከሆነ ያልብሳል፤ ከዚያ በታች ከሆነ ይተወዋል። በ30 በመቶ ዕድል የሚጠበቀው ኪሳራ 90,000 ብር ነው፤ ይህም የሸራውን ወጪ እጥፍ ነው። በ10 በመቶ ዕድል ግን 30,000 ብር ብቻ ስለሚሆን 45,000 ማውጣቱ አያዋጣም።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ነጋዴው 30 በመቶ በተባለ ቁጥር ቢያለብስ ከ100 ጊዜ 70ውን «በከንቱ» አውጥቷል፤ ይህ ከንቱ ወጪ 3 ሚሊዮን 150 ሺህ ብር ይደርሳል። ጎረቤቱ ሳያለብስ 70 ጊዜ በነጻ ሲያልፍ ያየዋል፤ ይስቅበታልም። የመቶው ቀን ሒሳብ ሲዘጋ ግን ያለበሰው በጠቅላላው 4 ሚሊዮን ተኩል አውጥቷል፤ የሳቀው በ30ው ቀን 9 ሚሊዮን ከስሯል። በነጻ ያለፈበትን ቀን እንጂ የከሰረበትን ቀን ለሰው የሚያወራ ነጋዴ እምብዛም ስለማይገኝ፣ በገበያ ውስጥ የሚሰማው ወሬ ሁልጊዜ ወደ አለማልበስ ያደላል።

መቁረጫው ከነጋዴ ነጋዴ ይለያያል። ሲሚንቶ ያከማቸ ሰው ከረጢቱ ከራሰ ሙሉ በሙሉ ይከስራል፤ ሸራው ግን ከዕቃው ዋጋ አንጻር ኢምንት ነው፤ ስለዚህ ትንበያ ሳይጠብቅ ዓመቱን ሙሉ ቢሸፍን ያዋጣዋል። በሌላ በኩል መከላከያው ምርቱን ሳይደርቅ በችኮላ አንስቶ በወረደ ዋጋ መሸጥ ብቻ የሆነበት ነጋዴ፣ መከላከሉ የኪሳራውን 60 በመቶ ያህል ሊያስወጣው ይችላል። ይህ ሰው ከ60 በመቶ በታች የሆነ ትንበያ ሰምቶ መንቀሳቀስ የለበትም። በመሆኑም አንድ ደላላ በአንድ ቀን፣ በአንድ ትንበያ፣ ለአንዱ ደንበኛው «አንሣ»፣ ለሌላው «ተው» ቢል ሁለቱም ምክሮች ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ።

ይህ ስሌት አንድ ከባድ ጉድለት አለው። አማካይ የሚሠራው ደጋግሞ ለሚሞክር ሰው ነው። አሥር ቦታ ዕቃ ያለው ላኪ በአንዱ ቢከስር በዘጠኙ ይካካሳል። በባንክ ብድር አንድ መኪና ጭነት ብቻ የገዛ ጀማሪ ግን አንድ ጊዜ ከራሰበት ለሁለተኛው ዙር አይደርስም፤ የሚካካስበት ቀጣይ ቀን የለውም። እንዲህ ያለው ነጋዴ 10 በመቶ ሲባልም ማልበስ ይኖርበታል። በስሌቱ በአማካይ 15,000 ብር «ከሰረ» ይባላል፤ ያ ገንዘብ ግን ቤቱን ከሐራጅ የሚያድንበት ነው። በዚህ ረገድ ድሀው ነጋዴ ከሀብታሙ የበለጠ ትንበያ መስማት ይገባዋል፤ በተግባር የሚታየው ግን ተቃራኒው ነው።

ቁጥሩ ከየት ይመጣል?

አሜሪካዊው የሜትሮሎጂ ሊቅ ኤድዋርድ ሎሬንዝ በ1963 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ የአየር ስሌት ሲጀመር ያለች እጅግ ትንሽ ልዩነት ከቀናት በኋላ ፈጽሞ የተለየ ውጤት ታመጣለች። የዛሬው ሙቀት፣ ነፋስና እርጥበት በየቦታው በትክክል ሊለካ ስለማይችል አንድ ስሌት ብቻ ሠርቶ ማመን አያስኬድም። ስለዚህ ትልልቆቹ ማዕከሎች መነሻውን በጥቂቱ እየለዋወጡ ስሌቱን ደጋግመው ያካሂዱታል። የአውሮፓው የመካከለኛ ጊዜ ትንበያ ማዕከል ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚህ ዘዴ የሚሠራ ሲሆን፣ ለአንድ ትንበያ 51 ስሌቶችን ያወጣል። ከ51ዱ 17ቱ በመተማ ከባድ ዝናብ ካሳዩ ዕድሉ አንድ ሦስተኛ ነው ማለት ነው። የየአገሩ ባለሙያ ደግሞ ይህን ጥሬ ቁጥር ከአካባቢው ተራራና ከቆየ ልምዱ ጋር አገናዝቦ ያርመዋል።

በ1973 ዓ.ም. ራሱን ችሎ የተቋቋመውና ዛሬ የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ተብሎ የሚጠራው መሥሪያ ቤት የቀን፣ የአሥር ቀን፣ የወርና የወቅት ትንበያ ያወጣል። አራቱን አንድ አድርጎ መስማት አንዱን ሸቀጥ በሌላው ዋጋ እንደመግዛት ነው። የነገና የከነገ ወዲያ ትንበያ ለሸራና ለጭነት ይሆናል። የአሥር ቀኑ ለአጨዳ፣ ለመኪና ኪራይና ለመጋዘን ውል ይረዳል። ከሁለት ሳምንት በላይ ርቆ «በዚህ ቀን በዚህች ከተማ ይዘንባል» የሚል ትንበያ ከየትም ይምጣ ከየት ለንግድ ውሳኔ አይበቃም፤ ከጠንቋይ ቢገዛም ልዩነት የለውም።

የወቅቱ ትንበያ ሌላ ነገር ነው። እርሱ ስለ ቀን አይናገርም። ያለፉት ብዙ ዓመታት የዝናብ መጠን ከትንሹ ወደ ትልቁ ተደርድሮ ከሦስት እኩል ይከፈላል፤ ከመደበኛ በታች፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በላይ። ምንም መረጃ በሌለበት ለእያንዳንዱ የሚሰጠው ዕድል 33 በመቶ ነው። መግለጫው «ከመደበኛ በላይ 45፣ መደበኛ 35፣ ከመደበኛ በታች 20» ካለ፣ አዲሱ ዕውቀት ከ33 ወደ 45 የተደረገው ጭማሪና ከ33 ወደ 20 የተደረገው ቅናሽ ነው። ወሬው ገበያ ሲደርስ ግን «ዘንድሮ ዝናቡ ከመደበኛ በላይ ነው» ተብሎ ያልቃል፤ 55ቱ በመቶ የት እንደገባ የሚጠይቅ የለም። በዚህ ወሬ ብቻ ከወዲሁ እህል የሸጠና ያከማቸ ብዙ ነው።

ሌላም ማስተዋል የሚገባ ነገር አለ። በጋው ደረቅ በሆነበት አካባቢ መደበኛው 10 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ 15 ሚሊ ሜትር «ከመደበኛ በላይ» ሊባል ይችላል። ለግጦሹ ከቁጥር የማይገባ ጠብታ ነው። ያ 15 ሚሊ ሜትር ቡና በተሰጣበት አንድ ከሰዓት በኋላ ከወረደ ግን ዓመቱን ሙሉ የተለፋበትን ምርት ያበላሻል። ለገበሬው የወቅቱ ድምር ሊበቃው ይችላል፤ ለነጋዴው ግን ቀኑ ራሱ ነው ወሳኙ።

ነጎድጓዱ የት ይወድቃል?

በነሐሴ በምዕራብ ኢትዮጵያ የሚጥለው ሰፊና ረጅም ዝናብ ከቀናት በፊት በተሻለ እርግጠኝነት ይታወቃል። ነጎድጓድ ያዘለው ግን ጠባዩ ሌላ ነው። የጠዋቱ ፀሐይ ምድሩን ያሞቃል፤ እርጥበት ያለው ሞቃት አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ ከፍ ሲል እየቀዘቀዘ ተከምሮ ጥቁር ደመና ይሆናል። በደመናው ውስጥ በረዶና ውሃ ሲጋጩ የኤሌክትሪክ ኃይል ይፈጠራል፤ መብረቁም ከዚያ ይመጣል። ሂደቱ ቀኑን ስለሚፈልግ በደጋው አገር አደጋው የሚበረታው ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ነው። ጭነቱን ማለዳ ጭኖ ከቀትር በፊት ዳገቱን የሚጨርስ ሾፌር ይህን ያውቃል። ከደጋው ተነሥቶ ወደ ቆላ የሚወርደው ማዕበል ግን ሌሊት ሊደርስ ስለሚችል፣ በመተማ «ከሰዓት በኋላ አልፏል» ብሎ ሸራ ማንሣት አያስተማምንም።

አንድ የነጎድጓድ ደመና የሚሸፍነው ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ደመና በአንድ ሰፊ ዞን ውስጥ አንድ ቦታ እንደሚኖር በ80 በመቶ እርግጠኛ መሆን ይቻላል፤ በአንዱ መጋዘን አናት ላይ የመውደቁ ዕድል ግን 15 በመቶ ብቻ ሊሆን ይችላል። ትንበያው ስለ ዞኑ እየተናገረ ነጋዴው ስለ መጋዘኑ ከሰማው ሁለቱ አይገናኙም። የትኛው ሠፈር እንደሚመታ የሚታወቀው ከጥቂት ሰዓታት በፊት ነው። ለዚህ የሳተላይት ምስል ይረዳል፤ በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. የመጠቀችው የሜቴዎሳት ሦስተኛ ትውልድ ሳተላይት በአፍሪካና በአውሮፓ ላይ መብረቅን ራሱን የምትከታተል መሣሪያ ይዛለች።

ዕቃው መንገድ ላይ ከሆነ ስሌቱ ይለወጣል። ከመተማ ተነሥቶ በጎንደር፣ በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ አልፎ፣ ከደጀን ወደ ጎሐ ጽዮን የዓባይን በረሃ የሚሻገር መኪና አምስት የዝናብ ቀጣናዎችን ያቋርጣል እንበል። በእያንዳንዱ ላይ ዕድሉ 15 በመቶ ቢሆን፣ አምስቱንም ሳይነካ የማለፉ ዕድል 85 በመቶ በራሱ አምስት ጊዜ ተባዝቶ የሚገኘው 44 በመቶ ነው። ቢያንስ በአንዱ የመመታቱ ዕድል 56 በመቶ ይደርሳል። ዝናቡ በአንድ ቀን ብዙ ቦታ አብሮ የሚጥል ከሆነ ይህ ቁጥር መጠነኛ ቅናሽ ያደርጋል እንጂ ወደ 15 አይመለስም። መጋዘኑን ሳይሸፍን ያሳደረ ነጋዴ መኪናውን ግን ያለ ሸራ መስደድ የለበትም።

ከላይ የዘነበውን መጠየቅ

በሐምሌ ማብቂያ 1998 ዓ.ም. ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ድሬዳዋን ሲያጥለቀልቅ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ቤቶችና የንግድ ዕቃም ተጠራርገው ሄዱ። ጎርፉ የወረደው ከከተማዋ በላይ ካሉት የሐረርጌ ደጋዎች ነበር። በበጋ ደረቅ አሸዋ ሆኖ የሚታይ ወንዝ ዳር የሚነግድ ሰው የሚሰማው ትንበያ የድሬዳዋ ብቻ ከሆነ፣ የሚመጣበትን አደጋ ግማሹን እንኳ አልሰማም። በዚያው ክረምት በነሐሴ የኦሞ ወንዝ በታችኛው ተፋሰስ ከ300 በላይ ሰዎችን ቀጥፏል።

ይኸው ነገር በየተፋሰሱ ይሠራል። በባሌና በአርሲ ደጋ የዘነበው ዋቢ ሸበሌን ተከትሎ ከቀናት በኋላ ቀላፎና ሙስጠሂል ይደርሳል። የጎንደር ደጋ ዝናብ በርብና በጉማራ ወርዶ የፎገራን ሩዝና ሽንኩርት ያጥለቀልቃል። የኢሉባቦር ዝናብ በባሮ ጋምቤላ ይገባል። የላይኛው አዋሽ ዝናብ በቾን አልፎ የአፋርን የመስኖ እርሻ ይነካል። በዋቢ ሸበሌ የታችኛው ጫፍ ያለ ነጋዴ ቀናት ያገኛል፤ በደቻቱ ዳር ያለው ግን ሰዓታት ብቻ ነው ያሉት፤ አንዳንዴም እነርሱ የሉም። ለሁለተኛው ሰው ከየትኛውም ትንበያ ይልቅ ዕቃውን ከወንዙ ዳር አርቆ ማስቀመጡ ይበልጥበታል።

አንድ ኤልኒኖ፣ ሁለት ገበያ

«ኤልኒኖ» የሚለው ቃል ገበያ ላይ ሲወርድ ሁሉም «ድርቅ» ብሎ ይተረጉመዋል። ለሰሜኑና ለመካከለኛው አገር የክረምት ዝናብ ትርጉሙ ባመዛኙ እውነት ነው። በ2007 ዓ.ም. ክረምት የሆነውም ይኸው ነበር፤ በዚያ ዓመት ኤልኒኖ ሳቢያ አስቸኳይ የምግብ ዕርዳታ የሚያስፈልገው ሕዝብ 10.2 ሚሊዮን ደረሰ። ለሶማሌ ክልልና ለቦረና ግን የመጸው ዝናብ፣ ሶማሌው ደይር ቦረናው ሀገያ የሚለው፣ በኤልኒኖ ዓመት የመብዛት ጠባይ አለው። የምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ ውሃ ከምሥራቁ ይልቅ ሲሞቅ ደግሞ ይህ ይባባሳል። በ1990፣ በ2012 እና በ2016 ዓ.ም. መጸው የታየው ከባድ ዝናብና ጎርፍ የውቅያኖሱ ምዕራብ እንዲህ በሞቀበት ዓመት የመጣ ነው። ተቃራኒው ላኒና ሲሆን ክረምቱ በሰሜን ይበረታል፤ ደቡብ ምሥራቁ ይደርቃል። ከ2013 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ በቦረናና በሶማሌ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ የከሸፉት ላኒና በተደጋገመበት ዘመን ነው።

ስለዚህ አንድ ዜና ለሁለት ገበያ ተቃራኒ ትእዛዝ ይሰጣል። በጎጃም ጤፍ የሚነግድና በጅጅጋ ከብት የሚነግድ ሁለት ሰዎች ስለ ኤልኒኖ ሰምተው አንድ ዓይነት ውሳኔ ከወሰኑ ከሁለት አንዱ ተሳስቷል።

የ1990 ዓ.ም. ነገር በተለይ ሊጠና የሚገባው ነው። በጥቅምትና በኅዳር የጣለው ወቅቱን ያልጠበቀ ዝናብ በደጋው ሊሰበሰብ የደረሰውን እህል ሲጎዳ፣ በቆላው ዋቢ ሸበሌን ሞላው። ሣሩ በቀለ፤ ውሃው ተትረፈረፈ፤ የከብት ነጋዴውም ደስ አለው። ነገር ግን የተኛው ውሃ ትንኝ አፈላ፤ ትንኙም በኬንያና በሶማሊያ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት የሚባለውን የከብትና የሰው በሽታ አስነሣ። በየካቲት 1990 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ከአፍሪካ ቀንድ የሚመጣ ከብት እንዳይገባባት ከለከለች። በበርበራ ወደብ በኩል የሚወጣው በግና ፍየል ቆመ፤ ወደዚያው የሚሸጠው የኢትዮጵያ ሶማሌ አርብቶ አደርም ገዢ አጣ። በሽታው በራሷ በሳዑዲና በየመን በታየበት በመስከረም 1993 ዓ.ም. እገዳው ተደገመ።

ከዝናቡ እስከ እገዳው ወራት አልፈዋል። ይህ ለነጋዴ ረጅም ጊዜ ነው። ጥቅምት ላይ የደይርን ትንበያ ሰምቶ «ግጦሽ አለ፣ ከብት ልግዛ» ያለ ሰው የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ አነበበ። ከብት ክብደት እንደሚጨምር ያሰበው ልክ ነበር፤ የሚሸጥበት ወደብ ይዘጋል ብሎ ግን አላሰበም። ዛሬ የበሽታው ማስጠንቀቂያ ከዝናብ ትንበያው ጋር ተያይዞ ይወጣል። የከብት ነጋዴ ሁለቱን አብሮ ካላነበበ ዝናቡን እንዳልሰማ ይቆጠራል።

ከዝናቡ በኋላ ዋጋው

ከባድ ዝናብ በከተማው ገበያ ላይ አስቀድሞ የሚያደርሰው ጉዳት በመንገድ በኩል ነው። ከመቂና ከባቱ የሚመጣው ቲማቲም ለሁለት ቀን ከዘገየ የአዲስ አበባ ዋጋ ይዘላል። መንገዱ ሲከፈት የተጠራቀመው ጭነት በአንድ ጊዜ ስለሚገባ ዋጋው ከቀድሞው በታች ሊወርድ ይችላል። በዘለለው ዋጋ ገዝቶ የሚይዝ ቸርቻሪ በበሰበሰ ቲማቲም ይቀጣል። የጤፍ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። መንገዱ ተዘግቶ ከሆነ ጭማሪው ያልፋል፤ አውድማው ርሶ ከሆነ ግን ነጭ ጤፍ እስከሚቀጥለው ምርት ይወደዳል፤ ደረጃው የወረደው ደግሞ ይበዛል። «ዝናብ ጣለ» የሚል ወሬ ሲሰማ የሚጠየቀው የመጀመሪያ ጥያቄ እንግዲህ መንገዱን ነው ወይስ አውድማውን የሚለው ነው። የሁለቱን ዋጋ ልዩነት ያላወቀ ደላላ ለደንበኛው አንድ ቀን የሚያልፈውን ጭማሪ የዓመት አድርጎ ይሸጥለታል።

ትንበያው ለሁሉም በአንድ ሰዓት ስለሚነገር፣ ቀድሞ በመስማት የሚገኝ ትርፍ የለም። ትርፉ ያለው ምን ያህል እንደሚታመን በማወቅ ላይ ነው። ይህ ደግሞ ከ50 ገጽ ደብተር በላይ አይጠይቅም። በአንደኛው ዓምድ ቀኑ፣ በሁለተኛው ትንበያውን የሰጠው ማን እንደሆነ፣ በሦስተኛው የተባለው ዕድል፣ በአራተኛው ደግሞ በመጋዘኑ ደጃፍ የዘነበው ይመዘገባል። ዝናቡን ለመለካት ግድግዳው ቀጥ ያለ ጣሳና ማስመሪያ ይበቃል። የሬዲዮውም፣ የስልኩም፣ «ዘንድሮ ጥቅምት አይዘንብም» የሚለው ደላላም ትንበያ ለየብቻ ይጻፍ። ደላላው በቁጥር ስለማይናገር «አይዘንብም» ያለባቸው ቀናት ተቆጥረው ስንቶቹ እንደረጠቡ ይያዛል።

አንድ ክረምትና አንድ በጋ ከተመዘገበ በየረድፉ ብዙ ቀናት ስለሚሰበሰቡ መቁጠር ይቻላል። «30 በመቶ» ከተባለባቸው 40 ቀናት በ12ቱ ግድም ከዘነበ ምንጩ እንዳለ ይታመናል። በ20ው ከዘነበ ነጋዴው ከዚያ ምንጭ 30 ሲሰማ 50 ብሎ ይመነዝረዋል፤ በ4ቱ ብቻ ከዘነበ ደግሞ 10 ብሎ፤ ከዚያም ያንኑ ቁጥር ከሸራው ወጪ ጋር ያስተያየዋል። መተማ ያለው የሰሊጥ ነጋዴ መቁረጫው 15 ነው፤ የመጀመሪያው ምንጭ 10 ሲለው ይሸፍናል፤ ሁለተኛው 30 ሲለው ይተወዋል።